ጅማ ላይ አነስተኛ የገንዘብ ክርክርን በኦንላይን መፍታት፦ ከየት ይጀመር?

አዌቱ (ጠያቂ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። በወረዳ ፍርድ ቤት ደረጃ አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮች ተከራካሪዎቹ ሳይመላለሱ በኦንላይን የሚያልቁበት የሙከራ ዕቅድ እየተረቀቀ ነው። ቦታው ጅማ ከተማና ዙሪያዋ። የተመረጡት ጉዳዮች የቤት ኪራይ ውዝፍ፣ የዱቤ ዕቃ ዋጋ፣ የብድርና የዕቁብ ዕዳ፣ እንዲሁም በቡና አቅራቢና በገዢ መካከል የሚነሳ የሒሳብ ልዩነት ናቸው።

በረቂቁ መሠረት ከሳሽ በስልኩ ቅጽ ሞልቶ ማስረጃውን ፎቶ አንስቶ ያስገባል። ለተከሳሽ ኤስኤምኤስ ይሄዳል። በ10 ቀን ውስጥ ካልመለሰ በሌለበት ይወሰናል። ከመለሰ ሁለቱ በጽሑፍ ይደራደራሉ፤ ካልተስማሙ ዳኛው በቪዲዮ ሰምቶ ይፈርዳል።

ጥያቄዬ፦ ይህ አሁን ባለው ሕግ ይቆማል ወይ? አዲስ አዋጅ ሳይጠበቅ ምን ያህሉን መጀመር ይቻላል? ሌላ አገር የተሞከሩትስ የት ላይ ተሰበሩ? ስለ «ዲጂታል ፍትሕ» አጠቃላይ ንግግር ሞልቶናል፤ ዝርዝር ያለው ሰው ቢመልስ ደስ ይለኛል።

የመዝገብ ሰው

ወንድም አዌቱ፣ ረቂቁን የሚገድለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በ10 ቀን ውስጥ ካልመለሰ በሌለበት ይወሰናል»። ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የ1958 ዓ.ም. ነው። በቁጥር 70 መሠረት ጉዳይ በሌለበት የሚሰማው መጥሪያው ለተከሳሹ በአግባቡ መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ሕጉ የሚያውቀው በእጅ የሚሰጥ ወረቀት ነው፤ ሰውየው ካልተገኘ ደግሞ በቁጥር 105 ተለዋጭ መጥሪያ አለ፣ መለጠፍ ወይም ጋዜጣ ላይ ማውጣት። ኤስኤምኤስ «ተልኳል» ሲል ደርሷል ማለት አይደለም። «ደርሷል» የሚለው የኔትወርክ ምልክት እንኳ ስልኩ ላይ መግባቱን ይናገራል እንጂ ሰውየው ማንበቡን አይናገርም። ሲሙ በልጁ ስም ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ ሱቅ ውስጥ ለሦስት ሠራተኛ የጋራ ሊሆን ይችላል፤ ከሳሹም የሰጠው ቁጥር ሁለት ዓመት የቆየ ሊሆን ይችላል። ተከሳሹ ዘግይቶ ሲሰማ፣ ፍርዱ መኖሩን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ በቁጥር 78 አመልክቶ ያስነሳዋል። ያን ጊዜ መዝገቡ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ከሳሹም ከዚያ በኋላ ኦንላይን የሚባል ነገር አያምንም።

ስለዚህ ኤስኤምኤሱን መጥሪያ አታድርጉት፣ ግብዣ አድርጉት። ክሱ በገባበት ዕለት ኤስኤምኤስ ይላክ። በ3ኛው ቀን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይደውል፤ ጥሪው ማስፈራሪያ ሳይሆን «እንዲህ ያለ ክስ ቀርቦብዎታል፣ በዚህ ኮድ ገብተው ማየት ይችላሉ» የሚል አጭር ጽሑፍ ይኑረው። በ7ኛው ቀን ያልገባ ካለ የወረቀት መጥሪያ ይውጣና በተለመደው መንገድ ይሂድ፤ ወረቀቱ ላይም ያው ኮድ ይታተም። ተከሳሹ በኮዱ ገብቶ ማንነቱን ሲያረጋግጥና «ክሱን አይቻለሁ» የሚለውን ሲጫን ቀኑና ሰዓቱ ይመዘገባል። ከየትኛውም የኔትወርክ ምልክት የሚሻለው ማስረጃ ያ ነው። ካልገባ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ችሎት ይለፍ። ኦንላይን ላይ ስላልታየ ብቻ ማንም አይፈረድበት።

ሕጉን በተመለከተ፦ የዳኝነት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የፍርድ ቤቶች ነው፤ ሶፍትዌርም አስማሚም ፍርድ አይሰጥም። ነገር ግን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 እስከ 277 ያለው ክፍል ተከራካሪዎች በማናቸውም ጊዜ እንዲስማሙና ስምምነቱ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ዳኛው ስምምነቱ ሕግንና ሞራልን አለመቃረኑን አይቶ ይመዘግበዋል። ያለ አዲስ አዋጅ መጀመር የምትችሉት ይህን ነው፤ በፈቃደኝነት የሚደረግ ድርድርና በዳኛ የሚጸድቅ ስምምነት። ግዴታ ማድረግ፣ ባልመለሰ ላይ መወሰን፣ የመልስ ጊዜ መቀየር ግን ሥነ ሥርዓቱን መንካት ስለሆነ በመመሪያ አይሠራም።

የውጭውን በሁለት ቃል። ኔዘርላንድ ውስጥ ሬክትዋይዘር የሚባል በተለይ ለፍቺ የታወቀ መድረክ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ቆመ። ሁለቱም ወገን ወደው መግባት ነበረባቸው፣ ከፍርድ ቤቱም ውጭ ነበር፣ ገቢውም ራሱን አልቻለም። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መድረክ በ2016 ተከፍቶ ሐምሌ 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ነጋዴው የመመለስ ግዴታ ስላልነበረበት አብዛኛው አቤቱታ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ ሳያገኝ በራሱ ይዘጋ ነበር። ጸንቶ የቆየው በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያው ነው። በሕግ የተቋቋመ የኦንላይን የዳኝነት አካል ሲሆን በ2016 በጋራ ሕንፃ ክርክሮች ጀመረ፣ በ2017 እስከ 5,000 ዶላር የሚደርሱ አነስተኛ ክሶችን ጨመረ። እዚያ ያልመለሰ ተከሳሽ ላይ መወሰን ይቻላል፤ የሚቻለው ግን ሕጉ ስለሚል ነው። የመድረኩ ውበት አይደለም ያጸናው።

አንድ ተጨማሪ፣ የእነሱን የክፍያ አከፋፈል ተመልከቱት። እስከ 3,000 ዶላር ለሆነ ክስ በኦንላይን ለማመልከት 75 ዶላር፣ ውሳኔ ከተፈለገ ብቻ ሌላ 50 ዶላር። በድርድር የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን አይከፍልም። ይህ ከብዙ ስብከት ይልቅ ሰውን ያስማማል።

ፈረሱላ

መዝገብ ሰው ስለ መጥሪያ የጻፈው ይበቃል። እኔ ወደ ማስረጃው ልግባ፣ ምክንያቱም የብድር ክሶች የሚወድቁት እዚያ ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 500 ብር ብር ነበር። ዛሬ ብድር የሚባለው በሙሉ ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ «ሦስት ምስክር አለኝ» ብሎ የሚመጣ ከሳሽ ቅጹን ሞልቶ፣ ከፍሎ፣ ጠብቆ ይወድቃል። ስለዚህ ቅጹ መጀመሪያ ላይ ይጠይቀው፦ የተፈረመ ወረቀት አለ? ተከሳሹ ዕዳውን ያመነበት መልእክት አለ? ሁለቱም ከሌሉ ቅጹ ሳይከለክለው ያስጠንቅቀው።

የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኝ ብቻውን ብድርን አያስረዳም። ገንዘብ መተላለፉን ነው የሚያሳየው፤ ተከሳሹ «የቀድሞ ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ሊል ይችላል፣ ይላልም። ደረሰኙ ከመልእክት ጋር ሲጣመር ነው ጉልበት የሚያገኘው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ፣ «በስልክ የተጻፈ ነውና አይቆጠርም» የሚል ክርክር እንደ ድሮው አይሄድም። የሚቀረው ክርክር ማን ጻፈው የሚለው ነው። የቴሌግራም ስክሪንሾት ላይ ስሙን ማንም በፈለገው መንገድ ሊመዘግብ ስለሚችል ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽ ጭምር አስገቡ በሉ። ቴሌግራም ላይ በግል ጭውውት መልእክትን ከሁለቱም ስልክ መሰረዝ ይቻላል፣ የተላከውንም ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ ከሳሹ ፎቶውን ቢልክም ዋናውን ስልክ ይዞ እንዲቆይ፣ ክርክር ከተነሳ መዝገብ ቤት አምጥቶ እንዲያሳይ ቅጹ ይንገረው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ የዲዛይን ስህተት በረቂቃችሁ ውስጥ አይቻለሁ፤ መልስና ድርድር አንድ ቦታ ነው የሚጻፉት። አትቀላቅሏቸው። ተከሳሹ በድርድሩ ላይ «እሺ 30,000 ልክፈልህና እንተወው» ቢል ያ የእምነት ቃል አይደለም፤ ዳኛው ካየው ግን ከአእምሮው አይወጣም። የመልስ ሳጥኑ ለብቻ፣ ለዳኛው የሚታይ፤ የድርድሩ ሳጥን ለብቻ፣ ለዳኛው የማይከፈት ይሁን። የተጠቃሚ ፈቃድ በሚሰጥበት ሰንጠረዥ ላይ የዳኛ መለያ ወደ ድርድሩ እንዳይገባ መዝጋት ነው፤ «ዳኛው አያነብም» የሚል መመሪያ መጻፍ አይበቃም።

ስለ ቡናው። የሒሳብ ልዩነት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የመለኪያ ልዩነት ነው። አንዱ በፈረሱላ ያስባል፣ ሌላው በኪሎ፣ ሦስተኛው በጆንያ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ 12 ፈረሱላ 204 ኪሎ ይሆናል። ጆንያ ግን መለኪያ አይደለም። ቅጹ መጠኑን በኪሎ ያስገባና ፈረሱላውን ራሱ አስልቶ ያሳይ። ቀጥሎ እሸት፣ ጀንፈል ወይስ የተቀሸረ የሚለውን ያስመርጥ። ቀጥሎ ዋጋው የተቆረጠው ርክክብ ዕለት ነው ወይስ ገዢው በሸጠበት ቀን ገበያ? ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ብቻውን ክርክሩ በእርግጥ ስለ ምን እንደሆነ ያወጣዋል። ከሳሽና ተከሳሽ ለየብቻ መልሰውት ጎን ለጎን ሲታይ ብዙው ክርክር ወደ አንድ ቁጥር ይጠባል።

ሁድሃ

ስለ ኤስኤምኤሱ ከቴክኒክ በኩል፣ በጀት የሚበላ ነገር ስለሆነ።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኤስኤምኤስ 70 ምልክት ብቻ ይይዛል። ከዚያ ካለፈ እየተቆረጠ በ67፣ በ67 ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ አንድ መልእክት ይታሰባል። በቁቤ (በላቲን ፊደል) የተጻፈ አፋን ኦሮሞ 160 ምልክት ይይዛል። ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ሁድሃውን (በአፋን ኦሮሞ ቃል መሀል የሚገባውን የጭረት ምልክት) ዎርድ ላይ ጽፎ የሚገለብጥ ሰው ቀጥ ያለውን ጭረት ሳይሆን ጠመም ያለውን ይልካል፣ ያኔ መልእክቱ በሙሉ ወደ ዩኒኮድ ይቀየርና 160ው 70 ይሆናል። የአማርኛውንና የአፋን ኦሮሞውን አንድ ላይ ብትለጥፏቸውም ያው ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ እሱ ይቅደም፤ ተከሳሹ «አማርኛ» ብሎ ሲመልስ ሁለተኛው ይላክ። የገንዘቡን መጠንና የክሱን ምክንያት ኤስኤምኤስ ላይ አትጻፉ፣ ስልኩን ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። የክፍያ ሊንክም አታስገቡ፤ ሰው አጭበርባሪ ነው ብሎ ያጠፋዋል፣ ትክክልም ነው።

ሰዓት። «እስከ ሰኔ 10 ቀን 6 ሰዓት» ብሎ የሚጽፍ ሲስተም ክርክር ይወልዳል፤ የቀን ነው የሌሊት? ከውጭ የተገዛ ሲስተም ደግሞ የጊዜ ገደቡን እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚዘጋው። ገደቡን ሁልጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት አድርጉት፣ በቃል ጻፉት፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አሳዩ። ጳጉሜን ላይ የሚወድቅ ገደብም ከመጀመሪያው ይሞከር፤ 13ኛ ወር የማያውቅ ሶፍትዌር ጳጉሜን 3ን «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ይመልሰዋል።

ስም። አንድ ሰው በቁቤና በፊደል በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይመዘገባል፣ በስም መፈለግ የትም አያደርስም። መለያው 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ይሁን፤ ለሌለው መዝገብ ቤት ቀርቦ በመታወቂያ የሚረጋገጥበት መስኮት ይኑር። ቁጥሩ ለተቃራኒ ወገን እንዳይታይ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 መኖሩን አትርሱ።

ፎቶ። የዛሬ ስልክ አንድ ገጽ በ4 ሜጋባይት ያነሳል፤ 10 ገጽ ውል 40 ሜጋባይት ነው። ኔትወርክ በሚወድቅበት ሰፈር 90 በመቶ ላይ ተቋርጦ ከዜሮ ይጀምራል። ምስሉ ከመላኩ በፊት እዚያው ስልኩ ላይ ወደ 1240 በ1754 ነጥብ ይጠበብ፣ ጥቁርና ነጭ ይሁን፣ ገጽ በገጽ ይላክ። ይህ ለኤ4 ወረቀት በኢንች 150 ነጥብ ማለት ነው፤ ለማንበብ ይበቃል። ማኅተሙ ካልተነበበ ብቻ በቀለም እንደገና ይጠየቅ።

አዌቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የመልስና የድርድሩን ሳጥን ዛሬውኑ እንለያለን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቪዲዮው ላይ ተቃውሞ አለ፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ አይሠራም ይላሉ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሁለቱ ወገኖች ቁጥር በምስጢር አስገብተው ሲስተሙ የሚያገናኝበትን ዘዴ አንዳንዱ ሰው ቁማር ነው ይለዋል። ይጠቅማል?

አስማሚዋ

ቪዲዮውን ተወው፣ ስልክ ይበቃል። እንግሊዝ አገር ከግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 10,000 ፓውንድ ላለው አነስተኛ ክስ የአንድ ሰዓት ነፃ የማስማማት ቀጠሮ ግዴታ ሆኗል፤ የሚካሄደው በስልክ ነው። አስማሚዋ ለከሳሹ ትደውላለች፣ ትዘጋለች፣ ለተከሳሹ ትደውላለች። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አታገናኝም። ለእኛም ይኸው ይሻላል፤ ሰው ፊት ለፊት ሲሆን ይግደረደራል ወይም ይቆጣል፣ ለብቻው ሲሆን ቁጥር ይናገራል። ማንበብ የማይችል ሰውም በዚህ መንገድ ይሳተፋል፤ ቅጹን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላለው ማመልከቻ ጻፊ ከፍሎ ማስሞላት አይቀርለትም፣ ስለዚህ ጻፊዎቹንም አሠልጥኑ፣ አታግልሏቸው።

የምስጢር ቁጥሩ ቁማር አይደለም፣ ግን ቦታ አለው። ከሳሹ የሚቀበለውን ዝቅተኛ 42,000 ብር ያስገባል፣ ተከሳሹ የሚከፍለውን ከፍተኛ 38,000። ልዩነቱ ከከሳሹ ቁጥር 10 በመቶ፣ ማለትም ከ4,200፣ ካላለፈ ሲስተሙ መሀሉን 40,000 ብሎ ያቀርባል። ካለፈ ለማንም ቁጥር ሳያሳይ «አልተገናኘም» ይላል። ሦስት ዙር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው መሞከሪያ ያደርገዋል። የሚሠራው ዕዳው መኖሩ ታምኖ መጠኑ ብቻ ሲያከራክር ነው። «ከናካቴው አልተበደርኩም» በሚል ሰው ላይ አትሞክሩት። የቤት ኪራይ ላይም ተጠንቀቁ፤ ተከራዩ ከቤት እንዳይወጣ ፈርቶ የሌለበትን ዕዳ ሊቀበል ይችላል፣ እዚያ ላይ በሰው የሚመራ ጥሪ ይቅደም።

ማንም ያልነካው የሥልጣን ጥያቄ አለ። ኦሮሚያ ውስጥ የፌዴራል ጉዳይ ሲሆን የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና የሚሠራበት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንጂ የወረዳው አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ንዑስ 4። የቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ይህን ካልለየ ዳኛው ስምምነቱን ሊያጸድቅ ሲል ሥልጣን የለኝም ይላል። ሌላው፣ ጉዳዩ በአዋጅ 240/2013 በተቋቋሙት የባህል ፍርድ ቤቶች ታይቶ ከሆነ ይጠየቅ፤ እዚያ ያለቀውን እንደገና መክፈት ጎረቤት ያጣላል።

ዋናው ግን ስምምነቱ የሚጻፍበት መንገድ ነው። «ተከሳሽ ዕዳውን በቅርቡ ለመክፈል ተስማምቷል» የሚል ስምምነት ቢጸድቅም አይፈጸምም፤ አፈጻጸም ችሎት ምን ብሎ ይዘዝ? ሲስተሙ ባዶ ገጽ አይስጥ፣ የሚሞሉ መስመሮች ይስጥ፦ ጠቅላላው ገንዘብ በአኃዝና በፊደል፣ የእያንዳንዱ ክፍያ መጠንና ቀን፣ የሚገባበት የሒሳብ ቁጥር፣ ወለድ ካለ መጠኑ፣ ወጪና ኪሣራ ማን እንደሚሸፍን። ከሁሉም በላይ «ሁለት ተከታታይ ክፍያ ካለፈ ቀሪው በሙሉ ወዲያው ይጠየቃል» የሚለው መስመር። ይህ ከሌለ የ40,000 ብር በ8 ክፍያ ስምምነት ሲጣስ፣ ቀኑ ያልደረሰ ክፍያ መጠየቅ ስለማይቻል ከሳሹ ለ5,000 ብር ስምንት ጊዜ አፈጻጸም ይከፍታል።

የጸደቀው ስምምነት የመዝገብ ቁጥር ይኑረው፣ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ይኑረው፣ ከሳሹ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 378 የአፈጻጸም ማመልከቻ ሲያቀርብ ከነመዝገቡ በራሱ ይያያዝለት። የአፈጻጸም መጠየቂያው ጊዜ በቁጥር 384 10 ዓመት ነው፤ ስለዚህ መዝገቡ የተቀመጠበት ሰርቨር ለሁለት ዓመት በጀት በተፈቀደ ፕሮጀክት ስም የተከራየ እንዳይሆን፣ የፍርድ ቤቱ ይሁን፣ የታተመ ኮፒም መዝገብ ቤት ይቀመጥ።

መዝገቡን ማን እንደሚዘጋውም ወስኑ። ተከሳሹ የመጨረሻውን ከፍሎ ደረሰኝ ያስገባል፤ ከሳሹ በ15 ቀን «ደርሶኛል» ወይም «አልደረሰኝም» ይበል። ዝም ካለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደውሎ ይጠይቀው፣ መልሱን ይመዝግብ፣ ከዚያ ይዝጋ። ተከሳሹ ራሱ እንዲዘጋው አትፍቀዱ፤ ከሳሹ ብቻም የሚዘጋው ከሆነ ተከፍሎትም ክፍት አድርጎ ያስቀምጠዋል።